ላሊበላን መጎብኘት ወይስ መሳለም?

ይህን ጋዜጣ በጋርላንድ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው፣ ያዘዘው እስኪቀርብለት ድረስ ቀና ብሎ ግድግዳውን ይመልከት። ከገንዘብ መቀበያው በስተጀርባ ወይም ከጀበናው ሥዕል አጠገብ፣ ከላይ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሳይኖር አይቀርም። ቀይ ድንጋይ፤ በድንጋዩ መካከል ጥልቅ ጉድጓድ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ጣሪያው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ የተቀረጸበት ሕንጻ። ቤተ ጊዮርጊስ ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) “የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ” የሚለውን መፈክር ይዘው የአገሪቱን ቱሪዝም ማስተዋወቅ ከጀመሩበት ዘመን ወዲህ፣ ይህ ሥዕል ያልተሰቀለበት የሀበሻ ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ከሥዕሉ ሥር ቁጭ ብለው ከሚበሉት መካከል ስንቱ ቦታውን በዓይኑ አይቶታል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ብዙ ሰው “ላሊበላ” ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚሉት ላሊበሎች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ ቆመው በሚያስገመግም ድምፅ የሚያዜሙ፣ የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚያወድሱ፣ የሰጣቸውን የሚመርቁ፣ የነፈጋቸውን በነገር ሸንቆጥ አድርገው የሚሄዱ። ከተማው ግን በመማሪያ መጽሐፍ የታየ፣ ለፈተና የተጠና ስም ነበር። ከዚያ በኋላ ሱዳን ወይም ኬንያ፣ ከዚያም ቴክሳስ። አንዳንዱ ፓሪስን አይቷል፤ ላስ ቬጋስን አይቷል፤ ካንኩን ባሕር ዳርቻ ተኝቶ ፎቶ ተነሥቷል፤ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ግን ሦስቱ ሳምንት በቦሌና በዘመድ ቤት መካከል አልቆ ይመለሳል።

ከዚሁ ከዳላስ ሳይወጡ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚኖር ሌላ ሕዝብ አለ። በ1980ዎቹ ኢስት ዳላስ ውስጥ ከሰፈሩት ስደተኞች መካከል ካምቦዲያውያን ይገኙ ነበር። ከ1975 እስከ 1979 ድረስ ክመር ሩዥ አገራቸውን ሲፈጅ አምልጠው የመጡ ናቸው። ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል የመጡት ኢትዮጵያውያንም በዚያው ዘመን፣ በዚያው በ1980 በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ነው የገቡት። የካምቦዲያውያን ቤት የገባ ሰውም ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አያጣም። ሰንደቅ ዓላማቸው መካከል ያለው ይኸው ሥዕል ነው፤ አንኮር ዋት ይባላል።

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚያበቃ ምክንያት አለ። የክመሮቹ ታላቅ ንጉሥ ጃያቫርማን ሰባተኛ ዙፋን ላይ የወጣው በ1181 ነው። የንጉሥ ላሊበላ ዘመነ መንግሥትም በተለምዶ ከ1181 እስከ 1221 ገደማ ተደርጎ ይቆጠራል። አንዱ በላስታ ተራራ፣ ሌላው በካምቦዲያ ጫካ፣ ስለ አንዳቸው አንዳቸው ሳይሰሙ፣ በአንድ ዘመን ድንጋይ ያስጠርቡ ነበር ማለት ነው። ምክንያታቸውም ይቀራረባል። የጃያቫርማን ከተማ በ1177 በጎረቤቶቹ በቻሞች ተዘርፋ ስለነበር አዲስ ከተማ በአዲስ ቅጥር ውስጥ ሠራ። በላሊበላ በኩል ደግሞ በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላዲን እጅ ወደቀች፤ ንጉሡም ሕዝቤ በሩቅ መንገድ ከሚንገላታ ኢየሩሳሌምን እዚሁ ላምጣለት አሉ የሚለው ትውፊት ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ለዚህም ነው በከተማው መካከል የተቆፈረው የውኃ መውረጃ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታም ጎልጎታ የተባለው።

አሠራራቸው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። ክመሮች ድንጋዩን ከኩሌን ተራራ ፈልጠው፣ በቦይ አጓጉዘው፣ አንዱን በሌላው ላይ እየካቡ ወደ ሰማይ ወጡ። ከጃያቫርማን በፊት በሱሪያቫርማን ሁለተኛ ዘመን የተሠራው አንኮር ዋት፣ በዙሪያው 190 ሜትር ስፋት ያለው የውኃ ቦይ አለው። ጎብኚው ያንን ሁሉ በድልድይ ተሻግሮ፣ በሩን አልፎ፣ ከሩቅ እያየው ነው የሚደርስበት። ላሊበላ ውስጥ ግን ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም። ጠራቢዎቹ ዙሪያውን በቦይ ቆርጠው መካከሉን ለይተው ካስቀሩ በኋላ ከላይ ወደ ታች፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየፈለፈሉ ወረዱ። የሚካብ ድንጋይ ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የሚፈለፈል ድንጋይ ግን አንዴ ከተሳሳቱበት መመለሻ የለውም። አንድ የዓምድ ጫፍ በስሕተት ቢፈነከት ቤተ ክርስቲያኑ ለዘለዓለም ፍንካቹን ይዞ ይኖራል።

ማን ፈለፈለው? ትውፊቱ ሰዎች ቀን ቀን፣ መላእክት ሌሊት ሌሊት እየሠሩ በ23 ዓመት ተፈጸመ ይላል። ከተመራማሪዎች ደግሞ እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉት፣ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ያለቀ ሳይሆን የተወሰኑት ሕንጻዎች ከላሊበላ በፊት መቶ ዓመታት ቀድመው የተጀመሩ ናቸው ይላሉ። ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ቦታው ላይ ቆሞ ይህን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ወላጅ ሁለቱንም ቢነግረው አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። አንኮርም የራሱ አልቫሬዝ ነበረው፤ በ1296 የደረሰው ቻይናዊው ጆው ዳጓን፣ ከንጉሡ ሰልፍ እስከ ገበያተኛዋ ሴት ድረስ ያየውን ሁሉ መዝግቦ ሄዷል። የዛሬ ተመራማሪዎች ስለ ክመሮች የዕለት ኑሮ ብዙውን ያወቁት ከእርሱ ነው።

አንኮር በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሦቹ ትተውት ወደ ደቡብ ሲሄዱ ጫካው ገባበት። ጃያቫርማን በ1186 ያስመረቀው ታ ፕሮም የሚባለው ቤተ መቅደስ ዛሬ የሚታወቀው በድንጋዮቹ ሳይሆን በዛፎቹ ነው። እንደ ዘንዶ የተጋደሙ ሥሮች ጣሪያውን አቅፈው ይዘውታል፤ ሥሩ ቢቆረጥ ግድግዳው ይወድቃል፤ ቢተውም ቀስ ብሎ ይፈለቅቀዋል። መነኮሳት ከአንኮር ዋት ጨርሰው ባይለቁም፣ ከመቶ በላይ ከሚሆኑት ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ ሰው አልባ ፍርስራሽ ሆነዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ጎብኚ ነው። ትኬት ይቆርጣል (ከ2017 ጀምሮ የአንድ ቀኑ 37፣ የሦስት ቀኑ 62 ዶላር ነው፤ ካምቦዲያውያን አይከፍሉም)፤ ፀሐይ ስትወጣ ከአንኮር ዋት ኩሬ ዳር ከብዙ መቶ ሰው ጋር ተጋፍቶ ፎቶ ያነሣል፤ ትከሻና ጉልበቱን ሸፍኖ ደረጃውን ይወጣል፤ ይመለሳል።

አማርኛ ለዚህ ጉዞ “መጎብኘት” የሚል ቃል አለው። ለቤተ ክርስቲያን ጉዞ ግን ሌላ ቃል አለው፤ “መሳለም”። የታመመ ይጎበኛል፣ ሙዚየም ይጎበኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ግንባርና ከንፈር ድንጋዩን መንካት አለባቸው። ላሊበላ ከአንኮር የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ለቅቆት አያውቅም። ሌሊት ኪዳን ይደርሳል፤ ይቀደሳል፤ ልጅ ክርስትና ይነሣል፤ አስከሬን ይፈታል። ከወሎና ከጎንደር ገጠር ለቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ በሩን ስሞ እዚያው ቅጥሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ከጋርላንድ የሚሄደው ሰው ደግሞ በሁለቱ ቃላት መካከል ይወድቃል። በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው ነጠላ። በሩ ጋ ሲደርስ የቱን ቀድሞ እንደሚያነሣ ግራ ይገባዋል።

ጉዞው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ድካሙ ከፍታው ላይ ነው። ጋርላንድ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከማረፊያው እስከ ከተማው ያለው የመኪና መንገድ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ከመኪናው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ መኪናው ካልሆነ በእግሩ ያልሄደ ሰው መጀመሪያው ቀን ደረጃ ላይ ቆሞ ቢያለከልክ አይፈር። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ሰንብቶ መሄድ ይጠቅማል። አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ቀን ሮጦ መጨረስ የሚፈልጉ አሉ፤ አሥራ አንዱን በስድስት ሰዓት ያየ ሰው ማታ አልጋው ላይ ሲጋደም የቱ የቱ እንደነበር ይደባለቅበታል።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዮርዳኖስ በስተ ሰሜን ካለው ክፍል ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉም ይገዝፋል፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ከተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። ዙሪያውን በዓምድ ስለተከበበ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ድንጋይ የሆነ ጫካ ይመስላል። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል የዚህ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። በ1997 ተሰርቆ፣ ከአገር ወጥቶ፣ ቤልጅየም ውስጥ አንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሷል። ሲመለስ የአገሩ ሰው በእልልታ ነው የተቀበለው፤ ሙዚየም ዕቃ ሲመለስለት እልል አይልም።

በዚህ በኩል ካምቦዲያውያን ብዙ ተጎድተዋል። በ1923 ባንቴይ ስሬይ ከሚባለው ቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጽ በመጋዝ ቆርጦ ሲወስድ የተያዘው ወጣት ፈረንሳዊ አንድሬ ማልሮ፣ ኋላ የአገሩ የባህል ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። ከጦርነቱ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሐውልቶቹ እግራቸው ከመቆሚያቸው ላይ እየተቆረጠ በታይላንድ በኩል ወጥተዋል። ዳግላስ ላችፎርድ የተባለው ነጋዴ በዚህ ንግድ ተጠርጥሮ በ2019 ኒውዮርክ ውስጥ ክስ ተመሥርቶበት፣ ሳይፈረድበት በ2020 ሞተ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከእርሱ ጋር የተያያዙ 14 የክመር ቅርሶችን ለመመለስ የተስማማው በ2023 መጨረሻ ነው።

ከቤተ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ቤተ ማርያም አለች። ትንሽ ናት፤ ግን ከሁሉም ያጌጠች። ውስጧ ሥዕል አለ፤ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድም አለ፤ ጨርቁ አይገለጥም። ገና እዚህ ነው ማየት። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ሆኖ ይከበራል። ጠዋት ካህናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ማሜ ጋራ በሚባለው የቅጥሩ አናት ዙሪያ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከታች ከግቢው ወለል ላይ ይቆማሉ፤ “ቤዛ ኩሉ” እየተቀባበሉ ይወዛወዛሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ከበሮው ድንጋዩን ሲመታው ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በእግር ነው የሚሰማው። የገናን ሰሞን ለመሄድ የሚያስብ ማደሪያውን አስቀድሞ ያስይዝ። ከዓመት በዓል ውጪ ጸጥታውን የሚወድ ደግሞ ተራ እሑድ ሌሊት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ቢሄድ አይጸጸትም።

እዚያው አካባቢ ቤተ ጎልጎታ አለ፤ ንጉሡ የተቀበሩት እዚህ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት የሚያህሉ ቅዱሳን ተቀርጸዋል። ሴቶች አይገቡም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል፤ ከባልና ከልጆቿ ጋር ከቴክሳስ ድረስ መጥታ በር ላይ የምትቀር እናት ቅር ቢላት አይፈረድባትም። ሥርዓቱ ግን በአንድ ቀን ለመጣ እንግዳ አይለወጥም።

በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያሉት እነ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ናቸው። የመጨረሻውን የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት ያሠሩት እንደሆነ ይነገራል። በእነዚህ መካከል ድቅድቅ ጨለማ የሆነ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ። አስጎብኚው “ይህ ሲኦል ነው፣ መብራት አታብሩ” ይላል። አንድ እጅ ከራስ በላይ፣ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፤ ከፊት ያለውን ሰው ኮቴ እየሰሙ መሄድ ነው። ቤተ መርቆሬዎስ ከፊሉ ተደርምሷል፤ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረ የሚገምቱም አሉ።

ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው፤ ለመጨረሻ ማስቀረቱ ደግ ነው። ሜዳ በመሰለው ቀይ ዓለት ላይ እየሄዱ ነው፤ ምንም የለም፤ አሁንም ምንም የለም፤ ድንገት እግር ሥር መሬቱ ይከፈታል። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች። ዳር ላይ መከለያ የለም፤ ልጅ የያዘ ሰው እጁን አጥብቆ ይያዝ። ያ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የኖረው ሥዕል እዚህ ጋ ነው የተነሣው። ብዙ ጎብኚ ያንኑ ፎቶ ደግሞ ያነሣና ይመለሳል። የሚሳለም ሰው ግን በቦዩ ወርዶ፣ በመተላለፊያው ዞሮ፣ በሩ ጋ ይደርሳል። ከታች ሆኖ ሲያዩት ሥዕሉን አይመስልም። መስቀልነቱ አይታይም፤ የሚታየው ረጅም ግድግዳና ከላዩ ጠባብ ሰማይ ነው።

ድንጋዩ ግን እየደከመ ነው። እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ለመጥረብ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ለመጥረብ የተመቸ ለዝናብም ይመቻል። ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ይላጣል። በ1950ዎቹ ይጠብቀው ብለው ሬንጅና ቀይ ቀለም ቀቡት፤ ሬንጁ ውኃውን ከውስጥ አፍኖ ያዘው። በ1960ዎቹ ማብቂያ የጣልያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ ቡድን ያንን ሲፍቅ ቆየ። ላሊበላ በ1978 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዷ ሆና ሰፈረች፤ አንኮር የገባው በ1992 ነው። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ አራት የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ነገር ግን የላሊበላ ሰው ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ ብረቱን እያየ “ይህ ነገር ቢወድቅስ?” ማለት ጀመረ። በ2018 ሰልፍ ወጣ። በ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር መጥተው አይተው የአገራቸውን ርዳታ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች አብረው ሠርተዋል፤ የከተማውን ወጣቶች በድንጋይ ጥገና ማሠልጠንም የዚሁ ሥራ አካል ነበር።

ከድንጋዩ ባላነሰ ሰዉም ተጎድቷል። የላሊበላ ከተማ ኑሮ በእንግዳ ላይ የቆመ ነው፤ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ፣ ነጠላ ሻጯ። በ2020 ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በነሐሴ 2021 የሕወሓት ኃይሎች ከተማውን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ቆየች። አብያተ ክርስቲያናቱ ተረፉ፤ ሕዝቡ ግን ያለ መብራት፣ ያለ ባንክና ያለ ስልክ ከረመ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ውጊያ የዚያው አካባቢ ሰው ሰላም አጥቷል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የአውሮፕላኑን ሁኔታና የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ካለ ሰው በስልክ መጠየቅ፣ የአሜሪካንም የጉዞ ማሳሰቢያ ማንበብ የግድ ነው። እነ ይምርሐነ ክርስቶስን ለመሳሰሉት ከከተማ ውጪ ላሉ ቦታዎች ጥያቄው እጥፍ ይሁን። ይምርሐነ ክርስቶስ በትልቅ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር የተሠራ፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ሊሰጡት ይገባል።

አሁን ወደ ትኬቱ ይኬድ። የውጭ አገር ጎብኚ ለመግቢያ በዶላር ይከፍላል፤ ምዕመን አይከፍልም። ነጠላውን አጣፍቶ “እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ” ብሎ የሚያልፍ ሰማያዊ ፓስፖርት ያዥ ጥቂት አይደለም፤ ጠባቂውም ፊቱን አይቶ ያሳልፈዋል። በሃይማኖቱ ትክክል ነው፤ ለመጸለይ ማንም ትኬት አይቆርጥም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚገባው ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ነው፤ ካህናቱም የሚኖሩት በዚያው ነው። በዳላስ ስታዲየም ለመኪና ማቆሚያ ብቻ የሚከፍለውን የሚያውቅ ሰው፣ ላሊበላ ሲደርስ ገበሬ ለመምሰል መሞከሩ ደስ አይልም። ትኬት ቆርጦ መሳለም የሚከለክል ቀኖና የለም። ፈቃድ ያለው የከተማውን አስጎብኚ መቅጠር፣ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሦስት ሌሊት ማደር፣ ነጠላና መስቀሉንም ከአዲስ አበባ ሱቅ ሳይሆን እዚያው መግዛት ይቻላል። እምነቱ ሌላ የሆነ ኢትዮጵያዊም ጫማውን አውልቆ፣ ቅዳሴ ሲሆን ጥግ ይዞ ቢቆም የሚከለክለው የለም።

መሄድ ያልሆነለት ሰው ደግሞ ከጋርላንድ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ፎርት ዎርዝ ኪምቤል ሙዚየም ይግባ። ቋሚ ስብስቡን ማየት በነጻ ነው። እዚያ ሀሪሀራ የሚባል፣ በሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ክመሮች ከድንጋይ የጠረቡት ሐውልት አለ። ግማሽ ጎኑ ሺቫ፣ ግማሽ ጎኑ ቪሽኑ ነው። በጣም ያምራል። መብራቱ ተስተካክሎለታል፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አበባ የሚያኖርለት፣ ዕጣን የሚያጨስለት ግን የለም። አንድ ጊዜ በፊቱ ቆሞ ቤተ ጊዮርጊስን ያስታወሰ ሰው የሁለቱ ቃላት ልዩነት ያለ አስረጂ ይገባዋል።

ስለ ጫማው አንድ ነገር ይጨመር። በየበሩ ጫማ ጠባቂ አለ፤ ጥቂት ብር ይሰጠዋል። ከተቻለ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይደረግ፤ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ማሰርና መፍታት ወገብ ይቆርጣል። ወፍራም ካልሲም ይያዝ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣም። ጠባቂው አይመርጥም፤ የዳላሱን ውድ ስኒከር ተቀብሎ፣ ከአንድ ሽማግሌ አቧራ የለበሰ ኮንጎ ጫማ አጠገብ አስተካክሎ ያስቀምጠዋል። ባለቤቱ ሲወጣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ደረሰኝ፣ ፊቱን አይቶ ብቻ የራሱን አንሥቶ ይሰጠዋል።